ቀዩ ጎማ፣ ነጩ ጎማና አባቴ

ከዓረብ አገር ስመለስ ሰው ሁሉ ሻንጣዬን የከበበው ወርቅና ቴሌቪዥን ፍለጋ ነበር። እኔ ያመጣሁት አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ነው። እናቴ ክዳኑን ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ገልብጣ ከሥሩ አየችውና "ሌላው ዕቃ በኋላ ይመጣል?" አለችኝ። አይመጣም አልኳት። ለጎረቤት ግን "ዕቃው በመርከብ እየመጣ ነው" ብላ አወራች፤ እስከማውቀው ድረስ መርከቡ እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

ላፕቶፑን የሰጡኝ ጅዳ እያለሁ የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፍ መጫን አይችሉም፤ ምላሳቸው ግን አይንቀጠቀጥም። ቀኑን ሙሉ የሚጫወቱት የመኪና እሽቅድድም ቡድን የማስተዳደር ጨዋታ ነበራቸው። በዚህ ጨዋታ መኪናውን የምትነዳው አንተ አይደለህም፤ ሾፌሩ ራሱ ይነዳል። ያንተ ሥራ ዳር ቆመህ መወሰን ነው፤ በየትኛው ጎማ ይውጣ፣ መቼ ገብቶ ይቀይር፣ ይፍጠን ወይስ ይረጋጋ። ሽማግሌው በዓረብኛ ይጮኻሉ፣ እኔ እጫናለሁ። መጀመሪያ "ቀዩን!" ሲሉ ቀዩን እጫን ነበር። ቆይቼ ግን "ቢጫው ይሻላል" ማለት ጀመርኩ፤ እሳቸውም ከሰደቡኝ በኋላ ቢጫውን ያስጭኑኝ ነበር። አገሬ ስገባ ዓረብኛዬ ግማሹ የወጥ ቤት፣ ግማሹ የጎማ ነበር።

መካነ ሰላም የተመለስኩት አንድ ነገር ቆርጬ ነው፤ ሚኒባስ ገዝቼ፣ ራሴ እየነዳሁ፣ ከመካነ ሰላም ደሴ መሥራት። ገንዘቡን እኔና ዓረብ አገር የቀረችው እህቴ አጠራቅመናል። መንጃ ፈቃዱንም ደሴ ከርሜ አወጣሁ። የቀረኝ የአባቴ እሺታ ብቻ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ቀላል ሰው አልነበሩም።

አባቴ ዕድሜያቸውን በዚያ መንገድ ላይ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም እሳቸው መንገዱን ተዉት እንጂ መንገዱ አልተዋቸውም። ከወንበር ሲነሱ እንኳ ግራና ቀኝ አይተው ነው የሚነሱት። ከአቀስታ ወዲያ ያለውን ኩርባ ሁሉ እንደ ዘመድ በስም ይጠሩታል። መንጃ ፈቃዴን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አተኩረው አዩትና "ፎቶው ጥሩ ወጥቷል" ብለው መለሱልኝ።

እሺታቸውን የፈለግሁት ለወጉ ብቻ አልነበረም። ደሴ ያስተማሩኝ ሜዳ ላይ፣ በተደረደሩ የፕላስቲክ ሾጣጣዎች መሃል ነው። መንገዱ በሚያልፍበት ደጋ፣ ጉጉፍቱ ላይ፣ ጉም ሲወርድ የተደረደረ ፕላስቲክ የለም። ከጎኔ ተቀምጦ "እዚህ ጋ ማርሽ ቀንሺ፣ እዚያ ጋ ፍሬን እንዳትነኪ" የሚለኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ያንን መንገድ ደግሞ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ያለ ምርቃታቸው መሪ ብጨብጥም እጄ የሚረጋ አልመሰለኝም።

እሳቸው ግን "ሱቅ ክፈቺ" ይሉኛል። እናቴም ሱቅ፣ ጎረቤቱም ሱቅ። በዚያ ዘመን ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ሁሉ ሱቅ ትከፍታለች፤ በሁሉም ሱቅ ውስጥ ያለው ያው ብስኩት፣ ያው ሳሙና፣ ያው የቻይና ነጠላ ጫማ ነው። እኛ ሰፈር ሻጭ እንጂ ገዢ አልቀረም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። የላፕቶፑ ባትሪ ጅዳ ሳለ ስለሞተ ያለ መብራት አይሠራም። ጨዋታውን ከፍቼ ስጀምር አባቴ ከመስጊድ ተመልሰው ከኋላዬ ቆሙ።

"ይኼ ሁሉ መኪና ወዴት ነው የሚሄደው?" አሉ።

"የትም አይሄድም፣ አባባ። ይዞር ይዞርና ተመልሶ እዚያው ይገባል።"

"ተሳፋሪስ?"

"የለም።"

"ጭነት?"

"እሱም የለም።"

"ባዶውን ነው እንዲህ የሚበረው? ታዲያ የነዳጁን ማን ይሸፍናል?" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ቡድኑ ሁለት መኪና ስላለው አንደኛውን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ጎማዎቹን አስረዳኋቸው። ቀዩ ለስላሳ ነው፤ መሬቱን ይነክሳል፣ ይፈጥናል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ነጩ ጠንካራ ነው፤ ይዘገያል፣ ግን ይቆያል። ቢጫው በመሃል ነው። አባቴ ወዲያው ስም አወጡላቸው፤ ቀዩን "ሞልቃቃው"፣ ቢጫውን "የመንግሥት ሠራተኛው"፣ ነጩን "ገበሬው" አሏቸው። ልባቸው ያለው ከገበሬው ጋር ነበር። ጎማ የሚቀየርበትን ቦታ ደግሞ "ጎሚስታው" ብለው ጠሩት፤ እኔም ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልፈለግሁለትም።

በማግስቱ ብቻቸውን አልመጡም። የድሮ ረዳታቸውን ይዘው መጡ። ይህ ሰው አባቴ መሪ በያዙበት ዘመን ሁሉ የአውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ነው። ልጅ ሆኜ ትከሻው ላይ ተሸክሞ መናኸሪያውን ያዞረኝ ስለነበር አንቱ ብዬው አላውቅም። ክርስቲያን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ነገር ግን እንደ አገራችን ልማድ "ወላሂ" ሳይል ወሬ አይጨርስም።

ረዳቱን ያስደነገጠው የጎማ ቅየራው ነበር። መኪናዋ ገብታ ከመቆሟ አንድ መንጋ ሰው ከበባት፤ አራቱም ጎማ ወለቀ፣ አራቱም ገባ፣ ተፈትልካ ወጣች። ረዳቱ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"ድገሚው እስኪ" አለኝ።

"አይደገምም።"

"እነዚህ ሁሉ ረዳቶች ናቸው?"

"ሁሉም።"

"ወላሂ ዘመድ አዝማድ ነው የተቀጠረው!" አለ። "እኔ ብቻዬን ጉጉፍቱ ላይ፣ በዝናብ፣ ጭቃ ውስጥ ተኝቼ፣ ክሪኩ እየሰመጠብኝ..." ድንገት ግን ዓይኑ ፈጠጠ። "አለቃ፣ አይተዋል? ታኮ አላደረጉም! ከጎማው ሥር ታኮ ሳይወትፉ እኮ ነው ያነሷት!"

አባቴ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። "ማን አስተምሯቸው" አሉ።

የአባቴ ስልት አንድ ነበር፤ ክሩ ሳይታይ ጎማ አይወልቅም። በመኪና ዘመናቸው ሁሉ የጎማው ላስቲክ አልቆ ከሥር ያለው ክር ብቅ ሲል ነው ጎማ የተለወጠው፤ እሱም ሌላ ጎማ ከተገኘ። በጨዋታው ግን የጎማው ዕድሜ በአንዲት መስመር ነው የሚታየው፤ ሲያረጅ ቀይ ይሆናል።

"አባባ፣ አለቀ እኮ፤ ላስገባው።"

"ማን ነው አለቀ ያለው?"

"ይኸው ቀይ ሆነ።"

"ቀይ ይሁን። ክር ታይቷል?"

"ክር እዚህ ላይ አይታይም።"

"እንግዲያው አላለቀም።"

መኪናቸው እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ከሁሉም በኋላ ገባች። እኔ በሳቅ ልሞት ነው። እሳቸው "አልሐምዱሊላህ" ብለው ተነሡ፤ "ሰው አልገጨ፣ ገደል አልገባ።" መጨረሻ መውጣታቸውን ብነግራቸው "ደሴ መናኸሪያ አንደኛ ገባህ ብሎ የሸለመኝ ማን አለ?" አሉኝ። ያንን ሾፌር ከልባቸው ይወዱት ጀመር።

ሌላ ቀን ደግሞ ከውድድሩ መሃል "አስገቢው" አሉኝ። እሰይ፣ ገባቸው ብዬ ጎማ ልመርጥ ስል "ጎማውን ተይው፣ ምሳውን ይብላ" አሉ። ሾፌር እህል ሳይቀምስ ይህን ያህል መንገድ አይነዳም ነው ነገሩ። ሰዓቱ እየሄደ ነው ብዬ ብጮህም "ይሂድ፤ ሰው ከሰዓት በፊት ነው" አሉኝ። ረዳቱም "ሻይም ይጨምርበት" አለ።

የዝናቡን ቀን ሳስታውስ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። ጨዋታው ደመና እየመጣ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። እኔ ለእኔ መኪና የዝናብ ጎማ አዘጋጀሁና "እርስዎስ?" አልኳቸው። አባቴ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ፣ አንገታቸውን አውጥተው በከላላ ወረዳ በኩል ያለውን ሰማይ ቃኙ፣ ነፋሱን አሸተቱ። "አይዘንብም" አሉና መስኮቱን ዘግተው ተቀመጡ። መካነ ሰላም ላይ እውነትም ጠብ አላለም። ስክሪኑ ላይ ግን ውሃው እንደ ጎርፍ ሲወርድ የእሳቸው መኪና ሦስት ጊዜ ተሽከረከረች። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታውን ያመኑት አይመስለኝም፤ የሰማዩ ንባባቸው ግን ትክክል እንደነበር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ከየውድድሩ በኋላ ግምገማ ነበር። ያን ጊዜ ያለ ግምገማ የሚውል መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ረዳቱም የቀበሌ ስብሰባ አምልጦት ስለማያውቅ ሥርዓቱን በቃሉ ይዞታል። ተነሥቶ ይቆምና "በጥንካሬ፣ ሾፌሩ መኪናውን ሳይገለብጥ አስገብቷል። በድክመት፣ ከፊቱ ላለው ክላክስ አላደረገም" ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እሺ፣ ግለ ሂስ" ይለኛል። ግለ ሂስ የምጠየቀው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ አባቴ አንድም ቀን ተጠይቀው አያውቁም።

ልኩራራና፣ እኔ ጎበዝ ነበርኩ። የጅዳው ሽማግሌ ያስተማሩኝ ጎማ እስኪሞት አለመጠበቅን ነው። ሌላው ሳያስብ ቀድመህ ትገባለህ፣ አዲስ ጎማ ታደርጋለህ፣ እሱ በአሮጌው ሲንፏቀቅ አንተ ታልፈዋለህ። አባቴ ይህን ስሠራ ፊታቸውን ያዞራሉ። "ጥርሱ ያልተነካ ጎማ ስታስወልቂ እጅሽ አይንቀጠቀጥም?" ይሉኛል። እኔም በሆዴ፣ ልጅዎ መንዳት እንደምትችል እያዩ ሱቅ ሱቅ ሲሉ የእርስዎ ምላስ አይንቀጠቀጥም እላለሁ። በአፌ ግን አልደፍርም።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። እናቴ መናኸሪያው አጠገብ ለሱቅ የሚሆን ክፍል አግኝታ የበሩን ቀለም መምረጥ ጀምራ ነበር፤ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ እያለች ምሳ ላይ ታማክረናለች። አንድ ቀን ጉርሻዬን አስቀምጬ ወደ አባቴ ዞርኩ።

"አባባ፣ በጨዋታው እንወዳደር። ካሸነፍኩ ከጎኔ ተቀምጠው መንገዱን ያስተምሩኛል። ካሸነፉኝ ሱቁን እከፍታለሁ፤ ስለ መኪና ሁለተኛ አላነሳብዎትም።"

"ውርርድ ሐራም ነው" አሉ።

"ውርርድ አይደለም።"

"ምንድነው ታዲያ?"

ረዳቱ ጣልቃ ገባ። "የጋራ መግባባት ነው፣ አለቃ።"

አባቴ ጥቂት አሰቡ። "የጋራ መግባባት ከሆነ ይሁን" አሉ።

የሁለታችንንም መኪና የምጫነው እኔ ስለሆንኩ አባቴ ትንሽ ሰጉ። የእሳቸውን ዘግይቼ ብጫንስ? ስለዚህ ረዳቱ ታዛቢ ሆኖ ተሾመ። "ምርጫ ታዝቤ አውቃለሁ" አለ፤ "ሥራው ቁጭ ብሎ ማየትና መጨረሻ ላይ መፈረም ነው።" ምንም ነገር እንደማያይ ያኔውኑ ገባኝ፤ ቢሆንም ላጭበረብር አላሰብኩም። ማጭበርበር አያስፈልገኝም ነበር።

ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ተቀመጥን። መብራት አለ። እናቴም ሥራ እንደሌለባት ሁሉ በሩ ላይ ቆመች። ለሰው ጨዋታ ነው፤ ለእኔ ግን ከመሸነፍ ወዲያ የሚታየኝ ብስኩት የተደረደረበት ባንኮኒና ቀኑን ሙሉ ከኋላው መቀመጥ ነበር። ዓረብ አገር ሰው ቤት ውስጥ ተዘግቼ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ በገዛ ከተማዬ ሱቅ ውስጥ ልዘጋ ነው።

አባቴ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። መንገዱን ሰላም ያድርገው፣ ከፊት ከሚመጣ፣ ከኋላ ከሚከተል ይጠብቃቸው አሉ። በዚያ ውድድር ከፊት የሚመጣ መኪና የለም ብዬ አላረምኳቸውም። "ለሁለቱም ነው ያደረግሁት" አሉኝ ፊታቸውን እያበሱ፤ "ያንቺም ሾፌር የሰው ልጅ ነው።"

እኔ በቀዩ ወጣሁ፣ እሳቸው እንደተለመደው በነጩ። የኔ መኪና ገና ከመነሻው ተስፈንጥራ ጥላቸው ሄደች። ጎማዬ መድከም ሲጀምር ሳልጠብቅ አስገባኋት፣ ሌላ ቀይ አደረግሁላትና አወጣኋት። ለቅየራው የጠፋብኝን ጊዜ ችያለሁ። አባቴ ገና አልገቡም። ከገቡ እንደኔው ጊዜ ይጠፋባቸውና ከኋላዬ ይወጣሉ፤ ካልገቡ ደግሞ በመላጣ ጎማ ሲንሸራተቱ እደርስባቸዋለሁ። በሁለቱም መንገድ ተሸንፈዋል። በሐሳቤ ሚኒባሴን አስነሥቼ፣ ተሳፋሪ ሞልቼ፣ ከተማውን ለቅቄ ነበር።

ያኔ የሌላ ቡድን መኪና መታጠፊያው ጋ ጭስ በጭስ ሆና ዳር ቆመች። ካርታው ላይ ነጥቧ ብልጭ ድርግም ትላለች። እኔ ልብም አላልኳት፤ መኪናዬ አልፋት ሄደች። ሌሎቹም እየተከታተሉ አለፏት።

"ቆመ" አሉ አባቴ።

"ማን?"

"ያ ልጅ። ቁም በይው!"

"ማንን ነው ቁም የምለው?"

"የኔን ሾፌር ነዋ! ሰው ተበላሽቶበት እያየ ሊያልፍ ነው እንዴ?"

በእሳቸው መንገድ ደንቡ እንዲህ ነበር። ዳር የቆመ መኪና ያየ ሾፌር ይቆማል፤ ተሳፋሪው ቢጮኽም፣ ሰዓቱ ቢመሽም፣ የቆመው የተጣላው ሰው ቢሆንም። ጎማ ያለው ጎማ ያውሳል፣ መፍቻ ያለው መፍቻ ያቀብላል፤ ምንም የሌለው ወርዶ አብሮ ያዝናል። አይቶ ያለፈ ሾፌር አቀስታ ሻይ ቤት ሲገባ ሰላምታውን የሚመልስለት አያገኝም። እንዲህ ያደረገ አንድ ሾፌር ኀፍረቱን ስላልቻለው መስመሩን ትቶ ወግዲ ሄዶ የበቅሎ ንግድ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ።

"አባባ፣ ቁም የሚል ቁልፍ የለውም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ጎሚስታው ጋ አስገቢው። ትርፍ ጎማ ይዞለት ይውጣ።"

"መፍቻውንም እንዳይረሳ" አለ ረዳቱ።

ሳቅ አፈነኝ። ትርፍ ጎማ ይዞለት! ዞሬ ሳያቸው ግን አባቴ አልሳቁም። ግንባራቸው አልቦታል፤ ጣታቸው ብልጭ ድርግም የምትለዋ ነጥብ ላይ ነው። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ተጫንኩላቸው።

የአባቴ መኪና ወደ ጎሚስታው ስትታጠፍ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ምልክት ተንቦገቦገ። በዚህ ውድድር አደጋ ሲደርስ መንገዱ እስኪጸዳ አንዲት መኪና ከፊት ወጥታ ሁሉንም በዝግታ ትመራለች፤ መቅደም ክልክል ነው። አባቴ "ትራፊኩ መጣ" ይሏታል። በዚያን ሰዓት ጎማ የሚቀይር ጊዜ አይጠፋበትም ማለት ይቻላል፤ ሌላው ሁሉ እየተንፏቀቀ ነዋ። እኔ ሌላው ሲበር ቆሜ ነበር የቀየርኩት። አባቴ ሌላው ሲንፏቀቅ ቀየሩ። ሲወጡ ከፊቴ ወጡ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። መንገዱ ሲከፈት ቀዩን ጎማዬን እያቃጠልኩ ተከተልኳቸው። ሾፌራቸው አዲስ ጎማ አድርጓል፤ እኔ ግን የሮጥኩበት ነው። ደረስኩባቸው፣ ቀረሁ፤ ደረስኩባቸው፣ ቀረሁ። እኔ ወንበር ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ስጮኽ አባቴ ውድድሩን እያዩት እንኳ አልነበረም። ያቺ ነጥብ ከካርታው ላይ ስትጠፋ "አነሱት?" አሉኝ። "አነሱት" አልኳቸው በብስጭት። "አልሐምዱሊላህ" ብለው ወደ ኋላ ተደገፉ። መኪናቸው ከኔ በአፍንጫ ቀድማ ገባች።

ረዳቱ ጉሮሮውን ጠረገና "ታዛቢው ውጤቱን ተቀብሏል" አለ። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና "አረንጓዴ ነው የምንቀባው" አለች።

ደሜ ፈላ። ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። በአባቴ ፊት በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያን ቀን ነው።

"ይህ ማሸነፍ አይደለም! ለቆመ መኪና ጎማ ሊያቀብሉ ገብተው፣ በአጋጣሚ! አንድም ነገር አስበው አይደለም!"

አባቴ አልተቆጡም። "ያ ሁሉ መኪና አለፈው" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺም አለፍሽው።"

"ጨዋታ እኮ ነው፣ አባባ! ውስጡ ሰው የለም!"

"እንደሌለ አውቃለሁ፤ ጅል አይደለሁም። ግን ዛሬ መንገዱም እንዲህ ሆኗል። እኔ ልተወው ስል ጀምሮ ነበር፤ ሁሉም ይቸኩላል፣ የቆመ የሚያይ የለም። ሴት ስለሆንሽ መሰለሽ እምቢ ያልሁት? ሴትም ትነዳለች። ጉጉፍቱ ላይ፣ በዚያ ጉም፣ ጎማሽ የተነፈሰ ቀን ማን ይቆምልሻል? እኔ የማስበው እሱን ነው። ስተኛም ስነሣም እሱን ነው።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚከለክሉኝ የሰው አፍ ፈርተው ይመስለኝ ነበር። ንዴቴ የት እንደገባ ጠፋብኝ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ከአፌ ወጣ።

"ሰው ቆሞልኝ ያውቃል" አልኳቸው።

"የት?"

ነገርኳቸው። የጅዳው ሽማግሌ ከሞቱ በኋላ የገባሁበት ሌላ ቤት፣ እመቤቲቱ አንድ ቀን ተቆጥታ ሻንጣዬን ውጭ ወርውራ በሩን ዘጋችብኝ። ከከተማ የራቀ ሰፈር ነበር፤ ከአውራ ጎዳናው በቀር ምንም የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። መኪና መጣ፣ አለፈ። መጣ፣ አለፈ። እጄን ማንሳትም ተውኩ። ከዚያ አንዱ ቆመ። ስሙን አላውቅም፣ ቋንቋችንም አይገናኝም። ውሃ አጠጣኝ፣ ያገሬ ልጆች ወደሚኖሩበት ሰፈር አደረሰኝና እጁን አውለብልቦ ሄደ። እስከዚያች ሰዓት ቤታችን የሚታወቀው ግን "ውሏን ጨርሳ መጣች" ተብሎ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቁጭ አለች።

አባቴ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

"ምን መኪና ነበር?" አሉ።

"የውሃ ቦቴ።"

"ባዶ?"

"ሙሉ። ከኋላው ይንጠባጠብ ነበር።"

"መንገዱ ሜዳ ነው?"

"አቀበት።"

"ሙሉ ቦቴ" አሉ፤ "አቀበት ላይ አቆመልሽ።"

"አዎ።"

ረዳቱ አንገቱን ደፋ። የተጫነ ከባድ መኪና አቀበት ላይ አቁሞ እንደገና ማስነሣት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱ ያውቁታል። አባቴ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ያ ረቢ፣ ያንን ሾፌር ባለበት ጠብቀው። ጎማው አይተንፍስበት፣ ፍሬኑ አይክዳው። ልጄን ከመንገድ እንዳነሳልኝ፣ ልጆቹን ከወደቁበት አንሣለት። የቆመ ቀን የሚቆምለት አታሳጣው።"

ረዳቱ "አሚን" አለ። እናቴ እያለቀሰች "አሚን" አለች። እኔም አልኩ።

አባቴ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው ወደ እኔ ዞሩ። "ሰኞ ደሴ እንወርዳለን" አሉ። "እኔ ከሥሩ ገብቼ ሳላየው መኪና አይገዛም። ከጎንሽም እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ መንገድ ላይ የቆመ አይተሽ ያለፍሽ ቀን ቁልፉን እቀበልሻለሁ።"

ከመካነ ሰላም ደሴ ባለው መስመር ከሁሉም ዘግይታ የምትገባው ሚኒባስ የኔ ናት። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ የመናኸሪያው የስምሪት ኃላፊ ይቆጣኛል። ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው።